ኳሷን ማን አስገባት?

በዚያ ዘመን ከንፋስ ስልክ ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የጫማ ፋብሪካ ነበር። ተናኘወርቅ እዚያ የገባችው በታይፒስትነት ነው። ጣቷ ፈጣን፣ ምላሷም ከጣቷ የማያንስ፣ ያልገባትን ነገር ገብቶኛል የማትል ሴት ነበረች። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ፋብሪካዎችን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ለፋብሪካው አምስት ኮምፒዩተሮች ገዝቶ "የሚማር ሰው ላኩ" ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ አምሐ ብዙም አላሰቡ።

"ተናኘወርቅ ትሂድ። እሷ የተጠራጠረችውን ሳትጠይቅ አታድርም" አሉ።

ሄደች። ከተማ መሀል ባለ ማሠልጠኛ ግማሽ ዓመት ተቀምጣ፣ ውዳሴ ከሚባል ቀጭን፣ ነገር የማያጣድፍ አስተማሪ ተምራ ተመለሰች። ስትመለስ ድሮ የቆዳ ናሙና ይከማችበት የነበረ ክፍል ተጠርጎ ጠበቃት። ዋናው ማሽን እዚያ ገባ። የቀሩት አራቱ በሽያጭ፣ በመጋዘን፣ በምርትና በሒሳብ ክፍል ተቀመጡ፤ ሁሉም በጣሪያ ሥር በሚሄድ ጥቁር ገመድ ተያያዙ። ሽያጭ ክፍል የሚጽፈውን ትእዛዝ መጋዘኑ እዚያው ተቀምጦ ያየዋል። ወረቀት ይዞ በጭቃው ግቢ ማዶ ለማዶ መሮጥ ቀረ። ሠራተኛው ሁሉ በዚያ ሰሞን በእረፍት ሰዓቱ እየመጣ፣ በመስኮት አጮልቆ፣ "ጉድ እኮ ነው!" ብሎ ይሄድ ነበር።

ውዳሴ ሲያስተምር ደጋግሞ የነገራት አንድ ነገር አለ። "ገመዱ ሥራውን እንደሚያመላልስ ሁሉ ችግሩንም ያመላልሳል። አንዱ ክፍል በሩን ከፍቶ ከተኛ አምስቱም ክፍል ክፍት ነው" ይላት ነበር። ስለዚህ ተናኘወርቅ ገና ከጅምሩ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን የይለፍ ቃል ሰጠች። የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ የቀበሌ ጥበቃ ወጥቶ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። "ለጓደኛ አይነገርም፣ ለአለቃም አይነገርም" ብላ ብቻ አስጠነቀቀች።

ማን ሰምቷት! የመጋዘኑ ሙሉሰው ቃሉን እየረሳ ሲቸገር የገዛ ስሙን የይለፍ ቃል አደረገው። የሽያጭ ክፍሏ ብርነሽ ደግሞ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ የስክሪኑ ግንባር ላይ ለጠፈችው።

"ብርነሽ፣ ይኼ እኮ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው" ትላታለች ተናኘወርቅ።

"አይ ተናኜ! እዚህ ግቢ የገባ ሌባ የሚፈልገው ጫማ ነው። ኮምፒዩተር እግር ላይ አይጠለቅ!"

ትስቃለች፤ ሳቋ ደግሞ ተላላፊ ነው፣ ተናኘወርቅም ሳትወድ አብራ ትስቃለች። ብርነሽ ከወላይታ የመጣች፣ ትሁትና ደስተኛ ልጅ ናት። ጴንጤ መሆኗን ተናኘወርቅ ታውቃለች፤ ሌሎቹም ይጠረጥራሉ። ግን ቸርቾቹ በታሸጉበት በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም፣ አይወራም። ተናኘወርቅ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ሚካኤልን ሳትሳለም አትውልም፤ ብርነሽ ማክሰኞ ማታ የት እንደምትሄድ አትናገርም፤ ምሳቸውን ግን ሁልጊዜ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የብርነሽ ጩኸት ግቢውን ሰነጠቀው።

ተናኘወርቅ ሮጣ ስትደርስ ብርነሽ ወንበሯን ጥላ ግድግዳ ተደግፋለች። ስክሪኑ ላይ፣ በትእዛዝ ቁጥሮቹ መሀል፣ ሽምብራ የምታክል ኳስ ትዘላለች። ግራ ጥግ ነክታ ወደ ቀኝ፣ ላይ ነክታ ወደ ታች፤ ማንም አልጠለዛትም፣ ማንም አያቆማትም።

"እኔ ምንም አልነካሁም! ቁጭ ብዬ የጅማን ትእዛዝ ስጽፍ ነው ዘላ የመጣችው!"

ከየክፍሉ ሰው ተሰበሰበ። ሙሉሰው ፊቱን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፍ ምንም ሳይቀረው ተመለከተና "ኧረ ይቺ ኳስ ከእኛ ፋብሪካ ቡድን አጥቂዎች ትሻላለች! ቢያንስ እሷ ትሮጣለች" አለ። ሁሉም ሳቀ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ሳቁ ደረቀ። ማሽኑ ድርቅ አለ፤ ቁልፉ ቢመታ አይሰማም፤ የጅማ ትእዛዝ የት እንደገባ አልታወቀም። በማግስቱ ኳሷ መጋዘን ገባች። ከዚያ ምርት ክፍል ታየች። ሴት ጫማ የጠየቀ ደንበኛ ምን እንደተላከለት፣ ቦት ጫማ የጠየቀው ምን እንደቀረበት የሚያውቅ ጠፋ፤ ሰው እንደገና ወረቀት ይዞ በጭቃው መሮጥ ጀመረ።

ይኼኔ ነው ጓድ ቦጋለ ወደ ሽያጭ ክፍል የመጡት። ጓድ ቦጋለ በፋብሪካው የፓርቲው ተጠሪ ናቸው፤ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ካኪ ይለብሳሉ፣ እንደምን አደራችሁ ለማለትም እንኳ ንግግር የሚያደርጉ ይመስላሉ። ክፉ ሰው የሚሏቸው የሉም። የሚያስፈሩት የሚወዷት አንዲት ቃል ስላለች ነው፤ ያቺን ቃል ከአፋቸው ካወጧት ደግሞ ሰው ይጠፋል።

ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና አወጧት።

"ይኼ አሻጥር ነው።"

የቆመው ሰው ሁሉ ከብርነሽ ወንበር ራቅ ራቅ አለ።

"መጀመሪያ የታየችው በማን ማሽን ላይ ነው?"

"በብርነሽ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

"በማን የይለፍ ቃል በተከፈተ ማሽን?"

የሁሉም ዓይን ወደ ማሽኑ ዞረ። ወረቀቱ እዚያው ስክሪኑ ግንባር ላይ ተለጥፎ ለሁሉም ይታያል። ጓድ ቦጋለ ብርነሽን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷትና ወደ ተናኘወርቅ ዞሩ።

"ጓድ ተናኘወርቅ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ የአሻጥረኛውን ስም እፈልጋለሁ። ካልሆነ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል።"

ሲወጡ ብርነሽ ተናኘወርቅ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና እንባዋን ለቀቀችው። "ተናኜ፣ ስለ ኳሷ አይደለም የምፈራው። ሊጠይቁኝ ሲመጡ ቤቴን ይፈትሻሉ። ቤቴ ደግሞ ..." ብላ ተወችው። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ተናኘወርቅ አቀፈቻት። ልቧ ቢፈራም እጇ ግን ሥራውን ያውቅ ነበር። ተነሥታ ከየክፍሉ እየዞረች ገመዱን ከማሽኖቹ ነቀለች፤ ምንም ይሁን ምን ከዚህ በላይ አንዱ ለአንዱ እንዳያቀብል። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ከአስፋልቱ ዳር ውይይት ታክሲ ያዘች። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ከተቀመጡት ተሳፋሪዎች አንዱ ስለ ሽንኩርት መወደድ ሲያወራ፣ ሌላው ሲመልስ፣ እሷ "ኳሷን ማን አስገባት?" እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

ማሠልጠኛው ስትደርስ ውዳሴ ታሪኩን ሰምቶ ሳቀ።

"አትሳቅ ጋሼ፤ ሰው ሊታሰር ነው።"

"ይቅርታ፤ የሳቅሁት ስለማውቃት ነው። ይቺ ኳስ እኛም ጋ መጥታ ነበር። ቫይረስ ይሏታል። አሻጥረኛ ሰው አልላካትም፤ በዲስክ ተደብቃ ነው የምትጓዘው። ዲስኩ ውስጡ እንዳለ ማሽኑ ሲነሳ፣ እሷም አብራ ትነሳና እዚያው ትሰፍራለች። ከዚያ ወዲያ እዚያ ማሽን ውስጥ የገባ ዲስክ ሁሉ እሷን ይዞ ይወጣል።"

የምታጸዳበትን ዲስክ ሰጣት። በሩ ድረስ ሸኝቷት ሲለያዩ "ማሽኖቹን ማጽዳት ቀላሉ ነው። ያመጣት ዲስክ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ ግን በሳምንቱ ትመለስብሻለች" አላት።

ማሽኖቹን አጸዳች። ከዚያ ከክፍል ክፍል እየዞረች ጠየቀች፦ "ከውጭ ዲስክ ያመጣ አለ?"

"እኔ? በፍጹም!" አለ ሙሉሰው።

"ዲስክ ምን እንደሚመስልም አላውቅ" አለ የሒሳብ ክፍሉ ሰው፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ግን የጥቁር ዲስክ ጠርዝ ብቅ ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ ተናደደች። ክፍሏ ገብታ ቁጭ ስትል ግን ንዴቱ በረደላትና ነገሩ ገባት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አሻጥር የምትባለው ቃል በግቢው ከተነገረች ወዲህ ሁሉም አፉን ለጉሟል። እውነቱን የሚናገር ሰው ሊታሰር ከሆነ፣ እውነቱን ማን ይናገራል? በሽታውን የደበቀው ፍርሃቱ ነው።

ስለዚህ ባዶ የጫማ ካርቶን አመጣች። ሰው ሳይተያይ በሚያልፍበት፣ በኮሪደሩ ጨለምለም ባለ ጥግ አስቀመጠችው። ሁሉንም ሰብስባ እንዲህ አለቻቸው፦

"ያላችሁን ዲስክ እዚያ ካርቶን ውስጥ ጣሉ። የማን እንደሆነ አልጠይቅም። ውስጡ ያለውንም ለማንም አልናገርም። የምፈልገው ኳሷን ብቻ ነው። ሚካኤልን!"

በሚካኤል ከማለች እንደማትዋሽ ሁሉም ያውቃል። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ካርቶኑ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ነበር።

ከአምስቱ ማሽኖች አንዱን ከገመዱ እንደነቀለችው ለብቻው ለይታ፣ ክፍሏ አስገብታ፣ በሯን ዘግታ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ትፈትሽ ጀመር። ስንቱን አየች! አንዱ ለእጮኛው ግጥም ጽፎ፣ በየመስመሩ ራሱን አንበሳ አድርጓል። አንዷ የእቁብ ድልድል ይዛለች። አንድ ዲስክ ላይ ደግሞ አማርኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር አገኘች። ሁለት መስመር አንብባ ቆመች፤ የመዝሙር ግጥሞች ናቸው። ከስንኞቹ አንዱን ብርነሽ ሥራ ላይ ስታንጎራጉረው ሰምታው ታውቃለች። ኳሷ ግን እዚህ ዲስክ ላይ የለችም። ተናኘወርቅ ዲስኩን ፈጥና አወጣችው፤ ከቦርሳዋ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ከተተችው።

በሩ ተንኳኳ። ብርነሽ ነበረች፤ አንድ ዲስክ በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘች ያህል ከራሷ አርቃ ይዛለች።

"ይኼን ከማሽኔ ጀርባ አቧራ ስጠርግ አገኘሁት። የእኔ አይደለም። ግን ከእኔ ማሽን ጀርባ ወጣ ስል ማን ያምነኛል?"

"እኔ አምንሻለሁ" አለች ተናኘወርቅ፣ ተቀብላት።

ገና ከእጇ ሳታስቀምጠው ጓድ ቦጋለ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ገቡ። ከኋላቸው ወሬ የሸተተው ሁሉ ተከትሎ በሩን ሞላው።

"ምርመራው የት ደረሰ?" አሉ ጓድ ቦጋለ።

"እየፈተሽኩ ነው፣ ጓድ ቦጋለ።"

"ያ የያዝሽው ከየት የተገኘ ነው?"

ተናኘወርቅ ዲስኩን ወደ ራሷ አስጠጋች። "ከማን ተገኘ ብዬ እንዳልጠይቅ ቃል ገብቻለሁ" አለች። ብርነሽ ግን በራሷ ጊዜ "ከእኔ ማሽን ጀርባ ነው" አለች። ጓድ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መልካም። በፊቴ ይከፈት!"

ምርጫ አልነበራትም። ዲስኩን አስገባች፣ ማሽኑን አስነሣች። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ቀይ መኪና ከነመንገዱ ብቅ አለ። የእሽቅድምድም ጨዋታ ነው። መኪናዋ ቆማለች። ተናኘወርቅ አንዱን ቁልፍ ነካች፤ ምንም የለም። ሌላውን ነካች፤ አሁንም ምንም የለም።

"ረጅሟን ነው፣ ረጅሟን ቁልፍ ምቺያት!" አሉ ጓድ ቦጋለ።

መታቻት። መኪናዋ ተፈተለከች።

"ቀስ በይ! ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ካልያዝሽ ትገለበጪያለሽ! ወደ ግራ! ወደ ግራ እንጂ! ይኸው፣ አላልኩሽም?"

መኪናዋ ተገለበጠች። ከተገለበጠችው መኪና በላይ፣ ከስክሪኑ ጥግ፣ ያቺ ሽምብራ የምታክል ኳስ ዘላ ወጣችና መንገዱን ታቋርጠው ጀመር።

ጓድ ቦጋለ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ እንደዘረጉ ቀሩ። ጣታቸውን አዩት። ቀስ ብለው ሰበሰቡት። አቶ አምሐ ወደ መስኮቱ ዞረው ሳል ያዛቸው፤ ትከሻቸው ግን ከሳል በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙሉሰው ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"ጓድ ቦጋለ" አለች ተናኘወርቅ በዝግታ፣ "የማን እንደሆነ አልጠይቅም ብያለሁ። አሁንም አልጠይቅም።"

ጓድ ቦጋለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው እስከ ካኪያቸው ኮሌታ ድረስ ቀልቷል።

"የወንድሜ ልጅ ከምሥራቅ ጀርመን ሲመጣ የሰጠኝ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሲወጣ ... አእምሮ ለማደስ ያህል ነበር።"

"በብርነሽ ማሽን?" አሉ አቶ አምሐ ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

"የይለፍ ቃሉ ተለጥፎ ነበር እኮ!"

ያን ጊዜ ብርነሽ ሳቀች። አምቃው የከረመችው ፍርሃት ሁሉ በሳቅ ወጣላት፤ ሆዷን ይዛ፣ በሩን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከእሷ ወደ ሙሉሰው፣ ከሙሉሰው ወደ ሌላው ተጋባ። አቶ አምሐም ማሳሉን ትተው በግልጽ ሳቁ። ጓድ ቦጋለ መጀመሪያ ሊቆጡ ከጀላቸው፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የተገለበጠችውን መኪና አዩና እሳቸውም ተሸነፉ። ሲስቁ ማንም አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ እንደ ሕፃን ነው የሚስቁት።

ሲረጋጉ ተነሥተው ብርነሽ ፊት ቆሙ። ጓድ አላሏትም።

"እኅቴ ብርነሽ፣ ተሳስቼብሻለሁ። ሳላውቅ በራሴ ጥፋት ልጎዳሽ ነበር።"

"እኔም ወረቀት ለጥፌያለሁ" አለች ብርነሽ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

አሻጥር የምትባለው ቃል ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። ለኮርፖሬሽኑ በተላከው ሪፖርት ላይ "የቴክኒክ እክል አጋጥሞ ተወግዷል" ተባለ። በሳምንቱ መጨረሻ የሠራተኛ ስብሰባ ተጠራ፤ ተናኘወርቅ በታይፕ ያዘጋጀችውን መመሪያ ጓድ ቦጋለ ራሳቸው ካላነበብኩ አሉ። እንዴት አድርገው አነበቡት! "ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" ብለው ጀመሩ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ግንባር እንደሚዘምት ጦር አሰለፉት። የይለፍ ቃል የየግል ነው፤ አይለጠፍም፣ አይዋስም። ከውጭ የመጣ ዲስክ ሁሉ አስቀድሞ በሩ አጠገብ በተለየው ብቸኛ ማሽን ይፈተሻል፤ ከዚያ በፊት ገመድ ላይ ያለ ማሽን አይነካም። ከፋብሪካው የለቀቀ ሰው ቃሉ በዚያው ቀን ይሰረዛል። ሁሉም የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ይከፍታል፤ መጋዘኑ ሒሳብ ምን ይሠራል? የሳምንቱ ሥራ ደግሞ ተገልብጦ ሳሪስ ባለው የፋብሪካው መሸጫ ሱቅ ቁምሳጥን ይቆለፍበታል፤ እዚህ እሳት ቢነሣ እዚያ ይተርፋል። ስድስተኛው ነጥብ ግን የተናኘወርቅ አልነበረም፤ ጓድ ቦጋለ እዚያው የጨመሩት ነው፦ "ያጠፋ ሰው ፈጥኖ ከተናገረ አይጠየቅም።" ሲሉት ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ጭብጨባው ግን ከሁሉም የበለጠው ያኔ ነበር።

ብቸኛዋን ማሽን ሰው "ኬላ" ብሎ ስም አወጣላት። የበር ጥበቃው ጋሽ ደምሰው የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ መመሪያውን ከሰሙ ወዲያ ከሚወጣው ጫማ ይልቅ የሚገባውን ዲስክ ማሳደድ ያዙ። አንድ ቀን አቶ አምሐን ሳይቀር አቆሙ።

"ጌታዬ፣ ቦርሳዎን።"

"ደምሰው፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"አውቃለሁ ጌታዬ። ዲስኩ ግን አያውቅዎትም።"

አቶ አምሐ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሙሉሰው ደግሞ ማንም የማይገምተው የይለፍ ቃል አገኘሁ ብሎ ሲኮራ ሰንብቶ፣ ሰኞ ዕለት ራሱም መገመት አቅቶት ጆሮውን እያከከ ተናኘወርቅ ደጃፍ ቆመ። ያን ቀን ከግቢው የተላከ ጫማ የለም ማለት ይቻላል።

ብርነሽን አቶ አምሐ ወደ ተናኘወርቅ ክፍል አዛወሯት። በመጀመሪያው ቀን ተናኘወርቅ አንድ ዲስክ በፖስታ አድርጋ ሰጠቻት፤ "ተፈትሿል፣ ጤነኛ ነው። ሁለተኛ ግን እዚህ አታምጪው" አለቻት። ብርነሽ ፖስታውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። "አንብበሽዋል?" አለቻት በሹክሹክታ።

"ሁለት መስመር። ዜማውን ስለማውቀው ሦስተኛውን ማንበብ አላስፈለገኝም።"

ጥር ሲብት ከኮርፖሬሽኑ ስልክ ተደወለ። ላፍቶ ማዶ ያለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽኖቹ ታመውበታል፤ "የጫማዎቹን ሴቶች ላኩልን" ይላል። ሁለቱ በፋብሪካው ላንድሮቨር ተጫኑ፤ ብርነሽ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ሲደርሱ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እጁን አጣምሮ ስክሪን ከብቦ ቆሟል፤ መካከል ለቀው አሳለፏቸው።

እዚህ ኳስ የለም። እዚህ ፊደሎቹ ናቸው የሚወድቁት፤ አንድ በአንድ ከመስመራቸው እየተነቀሉ፣ እንደ በጋ ቅጠል፣ ስክሪኑ ግርጌ ይከመራሉ።

"እንዴት ያምራል!" አለች ብርነሽ፣ ቆሎ መቆርጠሟን አቁማ።

ተናኘወርቅንም አስደነቃት፤ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበችና በጭንቀት ወደሚያዩዋት ሰዎች ዞረች።

"በሉ አትፍሩ" አለቻቸው። "መጀመሪያ ወንበር ስጡን፤ ቀጥሎ ማንም ሳይቆጣ እናወራለን።"